ዝክረ ብጣሽ ወረቀት

ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል የመሬት ሥሪቱንና ግብሩን፣ የአስተዳደሩንም ሥርዓት ዘርዝረው «ዝክረ ነገር»ን በ1942 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ከዚያ ሁሉ ትጋት ያመለጠ አንድ ዘርፍ ነበር፤ የበዓል ዋዜማ የአስቤዛ ዝርዝር። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። በናሙናነት የተመረጠው አንድ አባወራ ሲሆን ምርጫው የወደቀበትም አጥኚው ራሱ ስለሆነና አበል ስላልጠየቀ ነው።

በቅድሚያ ብያኔ። ብጣሽ ወረቀት ማለት ከልጅ ደብተር መሐል የተገነጠለ ቅጠል፣ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ወይም የሠርግ ጥሪ የመጣበት ፖስታ ነው። ንጹሕ ወረቀት ላይ «ሽንኩርት» ብሎ መጻፍ በአጥኚው ቤት እንደ ብክነት ይቆጠራል። መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፍ ዝርያም አለ። ይሁን እንጂ ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ ባህል በሆነበት አገር ዕድሜው ከምሳ ስለማያልፍ በጥናቱ አልተካተተም።

ሰው ለምን ይዘረዝራል? ጆርጅ ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ በአእምሮው መያዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው፣ ሁለት ቢጨምር ወይም ሁለት ቢጎድል ነው ብለው ነበር። ምሁሩን ቸር እንበላቸውና ዘጠኝ እናድርገው። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ መከለሻ። ዶሮ ወጡ ብቻውን ዘጠኙን ጨረሰው። ቄጠማው፣ ዕጣኑና ከሰሉ ደጅ ቆመው ቀሩ። እንግዲህ ጭንቅላት ቢዝረከረክ ምን ይደንቃል?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ሚለርን አይመለከትም። የሥነ ልቦና ምሁሯ ብሉማ ዘይጋርኒክ በርሊን ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተሙት ጥናት ያላለቀ ሥራ ካለቀው ይልቅ እንደሚታወስ ያሳያል። ነገሩን የቀሰቀሰው ሒሳብ ያልተከፈለበትን ትእዛዝ አጥርተው የሚያስታውሱ፣ ከተከፈለ በኋላ ግን የሚረሱ አስተናጋጆች መታየታቸው ነው ይባላል። አጥኚው ለማረጋገጥ በርሊን መሄድ አላስፈለገውም። ሰፈሩ ካለች ቡና ቤት ስምንት ሆነው ገቡ፤ አስተናጋጇ ወረቀት ሳትይዝ ሁለት ማኪያቶ፣ ሦስት ቡና፣ አንድ ሻይ በሎሚ፣ አንድ ስፕሪስ፣ አንድ ቡና በወተት ተቀብላ ለየባለቤቱ አደለች። ከፍለው ወጥተው አጥኚው የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ ቢመለስ፣ «ምን ልታዘዝ?» አለችው።

ዝርዝር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አእምሮ «ተጽፏል» ሲባል «ተገዝቷል» ብሎ ይሰማል። ሒሳቡ ተዘጋ፣ ጭንቅላት ቀለለ፣ እፎይ ተባለ። ከዚያ በኋላ በምድር ላይ ያለው ብቸኛ ምስክር ያቺ ብጣሽ ወረቀት ናት። እሷም ባለቤቷ መርካቶ ሲገባ ማቀዝቀዣው ላይ ናት።

አባቶች በዚህ ረገድ ብልህ ነበሩ። የገዳም ንዋያተ ቅድሳትም ሆነ የመሬት ስጦታ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው በብራና ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነበር። ወንጌል ማንም በዋዛ አይጥለውማ! ስጦታውን የሚያፈርስ እንዲወገዝም ይጨመርበት ነበር። አጥኚው ዘዴውን ለዘመናችን ለማዋል በአስቤዛው ግርጌ «ይህን ወረቀት ያነሣ የተወገዘ ይሁን» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ልጁ በጀርባው የሒሳብ የቤት ሥራ ሠርቶበት ትምህርት ቤት ይዞት ሄደ። መምህሩ ስድስት ከዐሥር ሰጥተውታል፤ ስለ ውግዘቱ ያሉት ነገር የለም።

ወረቀቱ በኪስ ቢገኝ እንኳ ሰው የሚጽፈው ትዝ ባለው ቅደም ተከተል ነው። መርካቶ ደግሞ በራሱ መሬት ላይ የተዘረጋ ዝርዝር ነው፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ። ሁለቱ ዝርዝሮች ስለማይተዋወቁ የሚያስማማቸው እግር ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን «ወዘተ» ነው። ቃሉ «ወዘተረፈ» የሚለው ግእዝ ያጠረበት ሲሆን «የተረፈውም» ማለት ነው። በመጽሐፍ ሲሆን ጉዳት የለውም። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ከባለቤቴ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን ዐሥራ አንድ ዕቃ ከተዘረዘረ በኋላ በዐሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል። ዐሥራ አንዱን አንድ በአንድ እየሰረዝሁ ገዛሁ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ በርበሬ በረንዳ መሐል ጥቂት ቆምሁ። የሚሸጥበት ተራ አልነበረም። ተመለስሁ።

«ጨውስ?» አለችኝ።

«አልተጻፈም።»

«ጨው ይጻፋል እንዴ?»

ይህች ጥያቄ በሰፊው ብትጠና ይገባት ነበር። በቤቱ ሁሉም የሚያውቀው ነገር አይጻፍም፤ ጨው፣ ክብሪት፣ ዘይት። ለዶሮ ወጥ ጨው እንደሚያስፈልግ መጻፍ ለወንዝ ውሃ እንደሚያስፈልግ እንደ መጻፍ ነው። ችግሩ ዝርዝሩን የምትጽፈው የምታውቀው ሰው፣ ገበያ የሚላከው ደግሞ የማያውቀው ሰው መሆኑ ነው። ጨውን ከጎረቤት ተበደርን። በተከታዩ በዓል ጨው በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፎ ስለነበር ሁለት ኪሎ ገዛሁ፤ ቅቤው ወደ «ወዘተ» ተዛውሯል።

አጥኚው ለዚህ ጽሑፍ በአንድ የውሃ ደረሰኝ ጀርባ ስድስት ነጥቦች ይዞ ነበር። አምስቱ ቀርበዋል። ስድስተኛው «ወዘተ» ይላል።