ስለ በር ላይ ጥርስ አወላለቅ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 32

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያለህ፣ ጎህ ሳይቀድ መኪናህን ከበረዶ ቆፍረህ የምታወጣ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታነሳ ውለህ ወገብህን ይዘህ የምትመለስ ሁሉ፣ ይህን አዋጅ ስማ!

መግቢያ

የሚኒሶታ በረዶ ቀን ጥቂት ቀልጦ ማታ ተመልሶ የሚጠጥር በመሆኑ፤ ይበልጥ የሚያዳልጠውም ብርዱ ሲበረታ ሳይሆን ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ፋራናይት ተጠግቶ በረዶው ላይ ስስ ውኃ ሲያርፍ በመሆኑ፤

ተራው የመንገድ ጨው አስፋልቱ ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲቀዘቅዝ አቅም የሚከዳው በመሆኑ፤ እንዳሻ እንዳይበተን ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ውኃ እንደሚበክል የስቴቱ የብክለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያስታወቀ በመሆኑ፤

የሚኒያፖሊስ ከተማ በረዶው መጣሉን ካቆመ በኋላ የመኖሪያ ቤት ባለቤት በ24 ሰዓት፣ የአፓርታማና የንግድ ቤት ባለቤት በ4 የቀን ሰዓታት ውስጥ የእግረኛ መንገዱን እንዲጠርግ ቢያዝም፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ለሚገባ ሰው የቀን ሰዓት ገና ያልጀመረ በመሆኑ፤

መሥሪያ ቤታችን ከሠራተኛው ዳሌ ይልቅ ለወለሉ ሰም እንደሚሳሳ በተግባር በመረጋገጡ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጥርስ አወላለቅ አዋጅ ቁጥር 32» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ ውኃ ወደ በረዶ ከሚለወጥበት ዲግሪ የተወሰደ ነው። ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ያሉትን አዋጆች መፈለግ አያስፈልግም።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1. «ጥርስ» ማለት ጫማ ላይ የሚጠለቅ፣ ከላይ ላስቲክ፣ ከሥር ጥምዝምዝ ሽቦ፣ ሰንሰለት ወይም የብረት ካስማ ያለው የበረዶ መርገጫ ነው። የአፍ ጥርስ በአንቀጽ 5 አፈጻጸም ሊረግፍ ቢችልም በዚህ ትርጓሜ አይሸፈንም።

2. «ደፍ» ማለት በውጭው በርና በውስጠኛው በር መካከል ያለ፣ ረጥቦ የሚውል ምንጣፍ የተነጠፈበት ጠባብ ቦታ ነው።

3. «ወንበር»፦ ስለሌለ ትርጓሜ አላስፈለገውም።

አንቀጽ 3. የተፈጻሚነት ወሰን

በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። የሚያዳልጠውም ሁለቱንም ነው። አዋጁ የመኪና ማቆሚያቸው ምድር ቤት የሆነ አለቆችን አይመለከትም።

አንቀጽ 4. ስለ አመራረጥ

1. ጥምዝምዝ ሽቦ ለተረገጠ በረዶ ይበቃል። አስፋልቱን እያሳየ ለሚያታልል ስስ በረዶ ግን አጭር የካርባይድ ካስማ ያለው ይሻላል።

2. ጥርሱ ከጣትም ከተረከዝም ሥር መኖር አለበት። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዳልጠው ተረከዙን ሲያሳርፍ ስለሆነ፣ ለጣት ብቻ የሚሆነውን የገዛ ሰው ግማሽ ዋጋ ከፍሎ ሙሉ ይወድቃል።

3. ልኩ የሚታየው ክረምት በሚጫማው ቡት ነው። የሰፋ ወደ ጎን ይዞራል፤ የጠበበ አይገባም።

4. «ቡቴ ራሱ ይበቃኛል» ማለት አያዋጣም። በቶሮንቶ የሚገኝ የማገገሚያ ምርምር ተቋም ሰዎችን በማሰሪያ አንጠልጥሎ በሚያጋድል የበረዶ ወለል ላይ ካስኬደ በኋላ በ2016 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ከ98 ዓይነት የክረምት ቡቶች ፈተናውን ያለፉት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

5. ጥርስ ይጠቅማል? ይጠቅማል። በዊስኮንሲን መውደቅ በሚያጠቃቸው 109 አረጋውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ጥምዝምዝ ሽቦ ያጠለቁት ከቤት ውጭ መውደቃቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ አግኝቶታል። በስዊድን ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ለአረጋውያን በነፃ ያድላሉ።

6. ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንቀጽ 5 ምክንያት ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 5. ስለ ማውለቅ

1. ማንኛውም ሠራተኛ ከመኪና ማቆሚያው አንሥቶ እስከ ደፉ የውስጥ ጠርዝ ድረስ ጥርስ የማጥለቅ ግዴታ አለበት።

2. ማንኛውም ሠራተኛ ከደፉ የውጭ ጠርዝ ጀምሮ ጥርስ አጥልቆ መገኘቱ ክልክል ነው፤ ብረት በተወለወለ ወለል ላይ ያንሸራትታልና።

3. ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 የሚጋጩ የሚመስለው ሠራተኛ ግጭቱን በአንድ እግሩ ቆሞ ይፈታል።

4. ማውለቅ የሚፈጸመው በቁም ነው። ግድግዳ መደገፍ ቀለም ያቆሽሻል፤ የመስታወት በር መደገፍ አሻራ ይተዋል፤ መቀመጥ ስንፍና ነው፤ መንበርከክ ከኋላ ያለውን ሰልፍ ያግዳል።

5. የንዑስ አንቀጽ 4 ድንጋጌ ቢኖርም፣ የሚከተሉት በከፊል ነፃ ተደርገዋል፦

ሀ) ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ግድግዳውን በሁለት ጣት መንካት ትችላለች። እርግዝናዋን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀች ግን በአንድ ጣት ብቻ።

ለ) በሁለት እጁ ዕቃ የያዘ ሰው ምሳውን ማስቀመጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ምንጣፉ ላይ አያስቀምጥም፣ ርጥብ ነው፤ ከምንጣፉ ውጭም አያስቀምጥም፣ መተላለፊያ ነው። በአፉ ነክሶ ለመያዝ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ሐ) ጉልበቱን የሚያመው ሰው የባልደረባውን ትከሻ ሊይዝ ይችላል። ሆኖም፦

(1) ትከሻ ሰጪው ትከሻውን በሰጠበት ጊዜ ሥራ ላይ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤

(2) ትከሻ ሰጪውም በአንድ እግሩ የቆመ እንደሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ሁለት እግር ብቻ ስለሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ሠራተኛ ይቆጠራሉ፤ ደመወዙንም ይካፈላሉ፤

(3) ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ ስብሰባ ይሆናል፤ ስብሰባ ደግሞ አስቀድሞ ይፈቀዳል።

መ) አንዱን አውልቆ ሌላው አልወልቅ ያለው ሰው በአንድ እግሩ ውስጥ፣ በአንድ እግሩ ውጭ እንዳለ ይቆጠራል። ባወለቀው እግሩ ንዑስ አንቀጽ 1ን፣ ባላወለቀው እግሩ ንዑስ አንቀጽ 2ን ጥሷል። ቅጣቶቹ በአንድነት ይፈጸሙበታል።

ሠ) የረፈደበት ሰው፦ የሰዓት መምቻው ማሽን ከውስጠኛው በር ወዲያ ስለሆነ፣ ጥርስ ሲያወልቅ ያለፈው ጊዜ የራሱ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ ስለዚህ አይከፈለውም። በማውለቁ ምክንያት የዘገየበት ደቂቃ ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ይቀጣበታል።

ረ) ጥርሱን በእጁ ይዞ ወደ ውስጥ የገባ ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ አልተዘጋጀም። ኪሱ ውስጥ ከከተተው ኪሱ ይረጥባል፤ መሬት ካስቀመጠው ወለሉ ይረጥባል። ከሁለቱ የኪሱ መርጠብ ተመርጧል።

6. ደፉ ላይ የወደቀን ሰው በተመለከተ፦

ሀ) ከበላዩ ጣሪያ ስለነበረ ውጭ አልወደቀም፤

ለ) ሰዓት ስላልመታ ውስጥ አልወደቀም፤

ሐ) ስለዚህ አልወደቀም።

7. ወድቄአለሁ!

ይህች ንዑስ አንቀጽ በረቂቁ ላይ አልነበረችም፤ እጄ ነው የጻፋት። ወድቄአለሁ። ቀኝ እግሬ ወልቆለት፣ ግራው ካስማውን እንዳጠለቀ ከምንጣፉ ጠርዝ አልፎ የተወለወለውን ወለል ረገጠና ሄደ። ብረት በለስላሳ ወለል ላይ እንደሚያንሸራትት እኮ እኛም አናጣውም። አውልቁ መባላችን አይደለም ያናደደን። የት ተቀምጠን ነው የምናወልቀው?

ከዚያ ቅጽ አመጡልኝ። የወደቅኩበትን ቦታ የሚጠይቅ ሁለት ሳጥን አለው፤ «ውጭ» እና «ውስጥ»። መሃል ላይ «ደፉ ላይ» ብዬ ብጽፍበት «በትክክል ይሙሉ» ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ «በወደቁበት ጊዜ የበረዶ መርገጫ አጥልቀው ነበር?» ይላል። «አንዱን እግር» አልኩ። «አዎ ወይም አይደለም ብቻ» አሉኝ። አይደለም ካልኩ ግዴታዬን አልተወጣሁም። አዎ ካልኩ የተከለከለውን አድርጌአለሁ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

ከእኔ ቀደም ብሎ አንዲት እናት እዚያው ደፍ ላይ አይቻለሁ። የልጅ ልጅ ያዩ፣ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ላስቲኩ በብርድ ደርቆ ከተረከዛቸው አልላቀቅ ብሏቸው በደነዘዘ ጣት ይታገላሉ። «አይዞዎት እማማ፣ ትከሻዬን ይያዙ» አላቸው ከኋላ የነበረው ልጅ። ያዙትና ላስቲኩን ሳቡት፤ ተስፈንጥሮ የቆሸሸ በረዶ ፊታቸው ላይ ረጨባቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ተመስገን፣ ወለቀ» አሉ። ለላስቲክ መውለቅ ተመስገን!

አንድ አግዳሚ ወንበር አጥብቀን ጠየቅን። የተሰጠን መልስ፣ «ወንበር ካለ ሰው ይቀመጥበታል» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን መልስ ሰምቶ እንዴት ያለ አዋጅ ይረቀቃል?

ይህ በር ምን እንዳስመረጠን ልንገራችሁ። በደንብ የሚነክሰው ጥርስ በደንብ የሚጠብቀው ነው፤ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ያለው፣ ጠንካራ ላስቲክ ያለው። እሱን ደግሞ በአንድ እግር ቆሞ ማውለቅ አይቻልም። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ያንን ትቶ ከቡቱ ሁለት ቁጥር የሚሰፋውን፣ እግር ወርወር ሲደረግ የሚወልቀውን ገዛ። በሩ ላይ የሚወልቀው በረዶው ላይም ይወልቃል። ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ የመኪና ማቆሚያውን ብታዩት በየቦታው የወለቀ ጥርስ ነው፤ ነጠላ ነጠላውን፣ የግራው እዚህ፣ የቀኙ እዚያ። እያንዳንዱ ሲወልቅ ባለቤቱ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ማቆሚያውን የሚያጸዳው ድርጅት ግን ለለቀማው ተጨማሪ ክፍያ ጠይቋል፤ እሱ ወዲያው ተከፈለው።

ይቅርታ፤ አዋጁ ይቀጥላል።

አንቀጽ 6. ስለ በጀት

አግዳሚ ወንበር ለመግዛት ጥናት ያስፈልጋል። ጥናቱ በረዶ በሌለበት ወቅት ይካሄዳል። በዚያ ወቅት ደፉ ላይ የወደቀ ሰው ካልተገኘ ወንበር አስፈላጊ አለመሆኑ እንደተረጋገጠ ይቆጠራል።

አንቀጽ 7. ቅጣት

አንቀጽ 5ን የተላለፈ ይቀጣል። ያከበረ ይወድቃል።

አንቀጽ 8. የተሻሩ ሕጎች

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ልማድ፣ «እስቲ አረፍ በል»፣ «ልያዝልህ» እና «እኔን» ማለትን ጨምሮ፣ ደፉን በሚመለከት ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 9. የመተባበር ግዴታ

ማንኛውም ሰው ይህን አዋጅ በማስፈጸም ረገድ የመተባበር ግዴታ አለበት። የሚተባበረው ግን ተራ በተራ ነው፤ አንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 5 (ሐ) (3)ን ይመልከቱ።

አንቀጽ 10. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በውጭው በር ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ለማንበብ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ለመጠጋት ደፉ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ደፉ ላይ የወጣ ያውልቅ።

ሚኒያፖሊስ

(ፊርማው የተወላገደው በግራ እጅ ስለተፈረመ ነው፤ ቀኙ ጄሶ ውስጥ ነው።)