ነገረ ጀልባ፤ በእንግሊዝ አገር በቦይ ውኃ ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች ሥርዓት የተጻፈ ሐተታ

ስለ መርከብ የጻፉ የቀድሞ ሊቃውንት ሁሉ አንድ ታላቅ ነገር ዘንግተው ማለፋቸውን አስቀድሞ ማስገንዘብ የጸሐፊ ግዴታ ነው። የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300 ክንድ፥ ወርዷ 50 ክንድ፥ ከፍታዋ 30 ክንድ እንደ ነበረ፥ ሦስት ደርብ እንደ ነበራት፥ ውስጧም ውጭዋም ቅጥራን እንደ ተቀባ ከኦሪት እንማራለን፤ ነገር ግን ስምንት ነፍስ ከነእንስሳቱና ከነአራዊቱ ከአንድ ዓመት በላይ የተቀመጡባት ይህች መርከብ መጸዳጃዋ በየት በኩል እንደ ነበረ፥ ሲሞላስ ከሦስቱ የኖኅ ልጆች ተራው የማን እንደ ነበረ አንዲት ቃል አልተጻፈልንም። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ውኃ ነበርና ጥያቄው አይነሣም የሚሉ አሉ፤ እነዚህ በጀልባ ኖረው የማያውቁ ናቸው። ይህ ጸሐፊ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት በለንደን ከተማ በሪጀንት ቦይ ላይ፥ በአንድ እንግሊዛዊ ወዳጁ ጀልባ በእንግድነት ስለ ከረመ፥ የጥያቄውን ክብደት በገዛ እጁ መዝኖታል፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ነው።

ለጥናቱ መሠረት የሆነችው ጀልባ እንግሊዞች ናሮ ቦት፥ ማለት ጠባብ ጀልባ የሚሏት ናት፤ በስሟም ሐሰት የለበትም። ርዝመቷ 17 ሜትር ሲሆን ወርዷ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲም ነው፤ ከዚህ ላይ የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ፥ ቁመተ ረጅም ሰው ሁለት እጁን ቢዘረጋ ግራና ቀኙን ግድግዳ ይነካል። የጥበቱን ምክንያት ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል፥ መጀመሪያ ወፍጮ ጠጋኝ የነበረ መሐንዲስ፥ የብሪጅዋተር መስፍን ከዎርስሊ የሚያስቆፍረውን የድንጋይ ከሰል ወደ ማንችስተር የሚያጓጉዝበት ቦይ በ1761 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አኑሬዋለሁ)፥ የትሬንትንና የመርሲን ወንዞች ለሚያገናኘው ለሌላው ቦይ የውኃው በሮች ወርድ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ያህል እንዲሆን ቆረጠ። በሩ ከጠበበ ቁፋሮውም ያንሳል፥ በየጊዜው የሚፈሰውም ውኃ ይቆጠባልና አሳቡ የብልህ አሳብ ነበር። ብሪንድሊ በ1772 ዓ.ም. ሞተ፤ ልኩ ግን አልሞተም። ሌላው ሰው ቤቱን በገንዘቡ ልክ ወይም በቤተ ሰቡ ቁጥር ሲሠራ፥ ለጀልባ ሰው ቤቱን የለካለት ከ250 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ነው፤ ዛሬም ባል ወደ ወጥ ቤት፥ ሚስት ወደ መኝታ ሲሄዱ በጠባቡ መተላለፊያ ተገናኝተው አንዱ የኋሊት የሚመለሰው በዚያ ሰው ትእዛዝ ነው። ማን ይመለስ ለሚለው ክርክር የጸናው ሕግ ትኩስ ነገር የያዘ እንዲያልፍ የሚል ስለ ሆነ፥ ባዶ ስኒ ይዞ እንደ ሞላ አስመስሎ የሚሄድ ሰው በዚያ ብዙ ነው።

በጥንት ዘመን በዚህ ዓይነት ጀልባ የኖሩት ጭነት አመላላሾች ነበሩ። ከ20 ሜትር በላይ ከሆነው ርዝመት የሚበዛውን ለጭነቱ ትተው ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በስተ ኋላ 3 ሜትር ያህል በምትሆን ጎጆ ያድሩ ነበር፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ባቡር መጣ፥ የጭነት መኪና መጣ፥ በመጨረሻም ከ1962 ወደ 1963 በተሻገረው ብርቱ ክረምት ቦዮቹ ለብዙ ሳምንታት በበረዶ ተዘግተው ከቀረው ንግድ የሚበዛው አለቀ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስ፥ ክሬሲ በተባለች ጀልባው ያሳለፈውን ኑሮ «ናሮ ቦት» በሚል መጽሐፍ በ1944 ዓ.ም. አሳትሞ ነበርና፥ ከሰል ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ሁሉ በጀልባ መኖርን ተመኘ። ድኃው በወጣበት በር ምሁሩ ገንዘብ ከፍሎ ገባ፤ አሁን ደግሞ የለንደን የቤት ኪራይ ያባረረው ወጣት ከምሁሩ ኋላ ተሰልፏል።

የጀልባ ነዋሪ ስለ ኑሮው ሲጠየቅ ከአፉ የምትወጣው የመጀመሪያዪቱ ቃል ነጻነት የምትል ናት። ጥናታችን ግን ይህ ነጻ ሰው ለሦስት ጋኖች የተገዛ አገልጋይ መሆኑን ደርሶበታል። አንደኛው የንጹሕ ውኃ ጋን ነው፤ እየጎደለ ያስጨንቃል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጋን፥ ማለት ባትሪው ነው፤ ይህም እየጎደለ ያስጨንቃል። ሦስተኛው የመጸዳጃው ሣጥን ነው፤ እርሱ ብቻ እየሞላ ያስጨንቃል። በየብስ የሚኖር ሰው ጧት ሲነሣ ዳዊቱን ይደግማል ወይም ራዲዮኑን ይከፍታል፤ አሳዳሪዬ ግን ካልሲውን ሳያጠልቅ በጉልበቱ ተንበርክኮ የባትሪውን መጠን ያነባል፥ ቀጥሎ የውኃውን ጋን በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጣል፥ በመጨረሻም ወደ ሦስተኛው ሄዶ ሣጥኑን ወዝወዝ ያደርግና ዝም ይላል። የዝምታው ርዝመት የቀኑን መርሐ ግብር ይወስናል።

የውኃው ነገር አጭር ነው፤ በቦዩ ዳር ካለው ቧንቧ ላይ ጎማ ሰክተው አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ፥ በዚያም መካከል ጎረቤት ይታማል። ባትሪው ግን ከባድ ነው። በጣሪያው ላይ የተዘረጋው ሶላር በሐምሌ ከሚፈለገው በላይ ይሰጣል፤ በታኅሣሥ ግን የለንደን ቀን 8 ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ፥ ፀሐይዋም እንደ ባለ ዕዳ ከቤቶቹ ኋላ ኋላ ተደብቃ ስለምታልፍ፥ ሞተር ማስነሣት ግድ ይሆናል፤ ሞተር ማስነሣት ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት የተከለከለ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ የተማረ ሰው፥ ደመወዝ ያለው፥ በጨለማ ጥርሱን ሲፍቅ አይቻለሁ።

የጎንደር መምህራን በትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው እንደ ተለያዩ፥ የቦይ ሰዎችም በሦስተኛው ጋን ምክንያት በሦስት ቤት ተከፍለዋል። ሣጥን ቤት የሚባሉት 20 ሊትር ያህል የሚይዝ የፕላስቲክ ሣጥን ራሳቸው እየጎተቱ ወደ መድፊያው የሚወስዱ ናቸው። ጋን ቤት የሚባሉት ትልቅ ጋን ብዙ ጊዜ ከአልጋቸው ሥር አኑረው፥ ሲሞላ ገንዘብ ከፍለው በመሣሪያ የሚያስመጥጡ፥ እስከዚያው ድረስ ግን በላዩ ተኝተው ሕልም የሚያዩ ናቸው። ሰጋቱራ ቤት የሚባሉት ደግሞ ደረቁን ከእርጥቡ ለይተው በሰጋቱራ እየሸፈኑ አፈር እስኪሆን የሚታገሡ ሲሆኑ፥ ከሦስቱ ወገን ሰውን ወደ ሃይማኖታቸው ለመመለስ የሚተጉ እነዚህ ናቸው። ሦስቱ ቤቶች በአንድ ምድጃ ዳር የተገናኙ እንደ ሆነ ክርክሩ ከእራት በፊት ይጀመራል፥ እራትም ቢቀርብ አይቋረጥም። በመጀመሪያው ሳምንት እራቴን ሳልበላ ተነሣሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት እየሰማሁ በላሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሹካዬን እያወዛወዝሁ ለሣጥን ቤት ጥብቅና ቆምሁ።

ይህ ሣጥን እጀታና ሁለት መንኰራኵር ያለው በመሆኑ ከሩቅ ሲያዩት የመንገደኛ ሻንጣ ይመስላል። አንድ ጧት ሊትል ቬኒስ በሚባለው ስፍራ፥ የፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ከዚያ ሩቅ አይደለምና፥ በውርጩ ላይ እየጎተትሁት ስሄድ አንዲት አዛውንት እመቤት አስቆሙኝና ባቡሩ እንዳያመልጠኝ አቋራጩን በከዘራቸው አመለከቱኝ፤ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ደረጃ መሆኑን ባዩ ጊዜም አንዱን ጎን ይዘው ሊያግዙኝ እጃቸውን ዘረጉ። በአገሬ ልማድ ለእናት ሸክም ማሸከም ነውር ነውና እጅ ነሥቼ እምቢ አልሁ፤ እርሳቸው በአስተዳደጌ እጅግ ተደሰቱ። «ከባድ ነው፤ መጻሕፍት ናቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ናቸው አልሁ።

ስለ አየር ጠባይ ጥቂት ልጨምር። በጀልባዪቱ ፊት በኩል ሞርሶ የሚባል፥ በጎኑ የሽኮኮ ሥዕል የተቀረጸበት የዴንማርክ ምድጃ አለ፤ በክረምት ሌሊትም ቀንም እሳቱ አይጠፋም፥ ከሰሉንም ነጋዴ ጀልባ ከናፍጣና ከቡታ ጋዝ ጋር በጆንያ እያዞረ ይሸጣል። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና፥ ወለሉም ከውኃው ወለል በታች ነውና፥ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ራሱ ቆላ እግሩ ውርጭ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በስተ ኋላ ወዳለው አልጋ የሄደ እንደ ሆነ በ12 ሜትር ውስጥ ከአዋሽ ተነሥቶ ራስ ዳሸን ይደርሳል። እስትንፋሱ በመስኮቱ ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያድርና ሲነጋ በትራሱ ላይ ይንጠባጠባል። ጀልባዋ ታችዋ እንዳይዝግ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከውኃ ወጥታ ሬንጅ ትቀባለች፤ በዚህ በኩል ከኖኅ ወዲህ ብዙ አልተራመድንም፥ እርሱ ግን አንድ ጊዜ ቀብቶ ተገላገለ።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር እዚህ ነውና። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብሪታንያ የውኃ መንገዶች ሕግ፥ ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌላት ጀልባ በቅን ልቡና ለጉዞ የምትውል እንድትሆን፥ በአንድ ቦታም ሳታቋርጥ ከ14 ቀን፥ ወይም እንደ ሁኔታው ተገቢ ከሆነ ከዚያ ከረዘመ ጊዜ በላይ እንዳትቆይ ያዝዛል። ቦታ ምን እንደ ሆነ ግን ሕጉ አልተረጐመም፤ ስለዚህ ትርጓሜው በየጀልባው ጣሪያ ሥር እንደሚከተለው ተሰጥቷል።

በአንድ ቦታ አለ፤ ቦታ ያለው ምንድር ነው ቢሉ፥ ገመዱ የሚታሰርበት ችካል ነው፤ ችካሉን ነቅሎ ከአንድ ክንድ በኋላ የተከለ ሕጉን ፈጸመ። አንድም ቦታ ያለው ሠፈርን ነው፤ ያው ዳቦ ሻጭ የጧት ሰላምታ የሚሰጠው ከሆነ ከቦታው አልወጣምና። አንድም ቦታ ያለው የልቡናን ነው፤ ልቡናው ለጉዞ ከተነሣ ገመዱ ባይፈታም ተጓዘ ይባላል። ይህ የመጨረሻው ጥልቅ ትርጓሜ ነው፤ የጀልባ ቁጥር እየመዘገበ በቦዩ ዳር የሚመላለሰው ተቆጣጣሪ ግን አልተቀበለውም። ተገቢ ከሆነ አለ፤ ይህስ ስለምን ነው ቢሉ፥ ስለ በረዶ፥ ስለ ሕመም፥ ስለ ሞተር ብልሽት ነው። ሐተታ፤ ሞተር 12 ቀን ጤነኛ ሆኖ ቆይቶ በ13ኛው ቀን የመታመም ጠባይ አለው።

ጉዞው ራሱ የፍጥነት ወሰን አለው፤ በሰዓት 4 ማይል፥ ማለት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲደርሱም እጅግ ያዘግማሉ። በቦዩ ዳር ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው ቀድሞን ሄዶ፥ ጋዜጣ ገዝቶ፥ ሲመለስ እንደገና ሰላም ብሎናል። በውኃው በር የደረሱ እንደ ሆነ ደግሞ ወርደው በእጅ መዘውር መዝጊያውን ከፍተው ውኃው እስኪሞላ ወይም እስኪጎድል ይቆማሉ። መዘውሩ ብረት ነው፥ እጅ ደግሞ በብርድ ይደነዝዛል፤ በካምደን በር ላይ ሕዝብ ምሳውን እየበላ ሲመለከተኝ ከእጄ አምልጦ ቦዩ ውስጥ ገባ፥ ጥቂቶችም አጨበጨቡ። አሳዳሪዬ ምንም ሳይናገር በገመድ የታሰረ ማግኔት አምጥቶ ጣለና ጎተተ፤ በመጀመሪያ የብስክሌት ሰንሰለት፥ ቀጥሎ የእኔ ያልሆነ መዘውር፥ በመጨረሻም የእኔው ወጣ። ከዚያ ወዲህ በቁልፎቹ ላይ ሁሉ የቡሽ ኳስ የታሰረበትን ምክንያት አልጠየቅሁም።

በመጋቢት መጀመሪያ 14ኛው ቀን ደረሰና ከሊትል ቬኒስ ገመዳችንን ፈትተን ወደ ምሥራቅ ተነሣን። ቦዩ በዚያ በኩል በለንደን የአራዊት ማቆያ መካከል ያልፋል፤ አራዊቱ በግራና በቀኝ፥ እኛ በመካከል ሆነን እየተንፏቀቅን ሳለ ከፊታችን አንዲት ጀልባ መጣች። ለካ እነርሱም 14ኛው ቀናቸው ኖሮ እኛ ወደ ለቀቅነው ቦታ ይሄዱ ነበር፤ እኛም እነርሱ ወደ ለቀቁት። ሁለቱም ወገን ቀኝ ቀኙን ይዞ ሞተሩን ቀነሰ፤ 17 ሜትር በ17 ሜትር አጠገብ እስኪያልፍ ድረስ ለመነጋገር የሚበቃ ጊዜ ተገኘ።

«ቧንቧው ይሠራል?» አለ አሳዳሪዬ።

«ይሠራል።»

«መድፊያውስ?»

ሰውዬው መልሱን የሰጠን የጀልባው ኋላ እኛን ካለፈ በኋላ ነው። «ከትናንት ወዲያ ተደፍኗል።»

ከአጥሩ ወዲያ አንድ አውሬ ጮኸ። አሳዳሪዬ የመሪውን ዘንግ እንደ ያዘ ወደ ፊት ይመለከት ነበር፤ ሣጥኑ ከሞላ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፥ ተራውም የእኔ ነበር።