ረባሾች

መምህሯ ወጣ ስትል የክፍል አለቃው ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፍና ስም ይደረድራል። ስሙ ተጽፎም ካላረፈ ኤክስ ይጨመርበታል። ኤክሱ ሲበዛ «ወላጅ አምጣ!» ይመጣል።

ረብሻ ማየት የፈለገ እንግዲህ ወላጅ የመጣ ዕለት ይገኝ። ሚያዝያ 2016 ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለጎረቤቴ ልጅ፣ ለሦስተኛ ክፍሉ ተከሳሽ፣ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ክሱ፦ አርፎ አይቀመጥም፣ ሰው አያዳምጥም፣ ሳይፈቀድለት ይናገራል። መምህሯ ሳትጨርስ አባት ጣልቃ ገባ፤ አባት ሳይጨርስ እናት። ዩኒት ሊደሩ «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ስልኩን ይዞ ወጣ። አባት «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ብሎ ግረፉልኝ አለ። ዩኒት ሊደሩ ተመልሶ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት መግረፍ መከልከሉን አስረዳ፤ አርጩሜዋ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብላ ታዳምጣለች። ልጁ ጥግ ቆሞ የሹራቡን እጅጌ ክር ይመዛል። ቢሮው ውስጥ አፉን ዘግቶ የሰማ እሱ ብቻ ነበር።

«መቼ ጀመረው?» ብዬ ጠየቅሁ። ያው የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በፈረሰ ሰሞን ነው። ዴስክ የሚጋራው ጓደኛው ከነቤተሰቡ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ያን ሰሞን የፒያሳ አዋቂ ማኪያቶ ይዞ ሲተክዝ፣ የድሮ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ ይውል ነበር፤ የእሱ ትዝታ ተባለ። ልጁ ፌስቡክ የለውም፤ ዴስክ ደበደበ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅም ጓደኛዋ ከሄደች ወዲህ ትንፍሽ አትልም አሉ። እሷን ማን ይክሰሳት? «ጨዋ» ተብላ ተመስግናለች።

ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ እንደማይማር ከተማው ገብቶት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ያበላል፤ እሰየው። ሆድ የባሰው ልጅ ግን ጉዳዩ ገና ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ አላለፈም።

ውሳኔው፦ የክፍል አለቃ ይሁን። ረባሽን በሹመት ማስታገስ የቆየ ዘዴ ነው፤ ከትምህርት ቤት ውጭም ይሠራበታል። ልጁ ሹመቱን የምር ያዘው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሰፈረው የመምህሯ ስም ነበር፤ ስልኳ ክፍል ውስጥ ሁለቴ ስለጮኸ፣ ከነሁለት ኤክሷ።