ከእጅ በፊት የሚጠጣ፦ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የተመለከተ ንጽጽራዊ ጥናት

ሬኪ የሚባለው የጃፓኖች የእጅ ፈውስ ታካሚውን አስተኝቶ፣ መዳፍን ከሰውነቱ ላይ አሳርፎ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዞ የሚሰጥ ነው። ባለሙያዎቹ ከመተኛት በፊት ስለሚጠጣው ነገር መመሪያ አላቸው፤ ውሃ በብዛት፣ ቡና በጥቂቱ፣ አልኮል በጭራሽ። ይህ መመሪያ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ለሚኖረው ሕዝብ ምን ያህል ይስማማዋል የሚለው ጥያቄ እስካሁን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክፍተቱን መሙላት ነው።

በቅድሚያ ስለ አመጣጡ። መሥራቹ ሚካዎ ኡሱይ እ.ኤ.አ. በ1922 በኪዮቶ አጠገብ በኩራማ ተራራ ለ21 ቀን ጾመው ኃይሉን እንዳገኙ ተከታዮቻቸው ይናገራሉ። 21 ቀን ሦስት ሱባኤ ነው። ይህ በጋይንት ማንንም አያስደነግጥም፤ የቆሎ ተማሪ በፈቃዱም ያለፈቃዱም ከዚህ የረዘመ ጾም ያውቃል። ትምህርቱን ወደ ሃዋይ ያሻገሩት ሃዋዮ ታካታ የመምህርነቱን ማዕረግ በ10,000 ዶላር ይሰጡ ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ ዙር አባ ገዳም ወርዶ በዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርለት ሰው የሚከፍለው ዕድሜውን ነው፤ ከዕድሜው በተጨማሪ ውሻ የነከሰው እግሩን።

በአካባቢው ለሬኪ የሚቀርበው ባለሙያ ወጌሻ ነው። ሁለቱም በእጃቸው ይሠራሉ፤ ሁለቱንም ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም። ልዩነቱ ሬኪ ሳይነካም አድናለሁ ማለቱ ነው፤ ወጌሻ ሲነካ ግን እስከ ሦስተኛው ጎጥ ይሰማል። የመጠጡም ሥርዓት የሚለየው ከዚህ የተነሣ ነው። ከበቅሎ ወድቆ ትከሻው የወለቀ ሰው ቤት ሲገባ አንድ ልጅ ወደ ወጌሻው፣ ሌላው ወደ አረቄ ቤት ይላካል፤ አረቄው ዳግም ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ሲጠየቅ በሽተኛው ሕመሙን እንዲችለው ነው ይባላል። አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው መለኪያ ለወጌሻው ይቀርባል፤ እጁ እንዲሟሟቅ። ሁለተኛው ለያዦቹ ነው፤ አንዱ ብብት፣ አንዱ እግር፣ አንዱ ወገብ ስለሚይዝ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል። ቀጥሎ አጎትየው ይቀምሳል፤ ምንም አልያዘም፣ ነገር ግን ደንግጧል። ጠርሙሱ ወደ በሽተኛው በመዞር ላይ ሳለ ወጌሻው «ስማ ልጄ፣ ያን ቀዩን በሬ በስንት ሸጥኸው?» ይለዋል። «ኧረ አባ፣ እሱስ አልተሸ...» ብሎ ሳይጨርስ ትከሻው ቦታው ገብቷል። በሽተኛው ሳይቀምስ መዳኑ አረቄው በመጀመሪያ የታዘዘው ለማን ነበር የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄውን ለማንሣት የቻለ ሰው ግን በቤቱ ውስጥ አልቀረም።

ስብራት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የቀርከሃው ስንጥር ሲጠብቅ ደም አላሳልፍ ብሎ እግር የጠቆረበት፣ ኋላም ሐኪም ቤት የተቆረጠበት ሰው በሀገራችን ብዙ ነው። በዚህ ረገድ ሬኪ የማያሻማ ብልጫ አለው፤ ምንም አያስርም።

ጠበል በዚህ ጥናት አልተካተተም። በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ፣ በብዛትም እንደሚጠጣ አንባቢ ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈውን ለማንሣት አጥኚው እናቱ በሕይወት ስላሉ አልደፈረም።

ኮሶ ግን ይቻላል። በማለዳ፣ ምንም ሳይቀመስ፣ አፍንጫ ተይዞ፣ ቢቻል ባንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ተቀምጦ በነበረ ጊዜ ዛፉን አይቶ ሥዕሉን በመጽሐፉ ያወጣው ያለ ነገር አይደለም። «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ሸንጎ አይቀመጥም፣ አበዳሪም ደጁን አይመታም። ከሁሉም በላይ፣ እዚህ ከተጠቀሱት ፈውሶች ውስጥ ከበሽተኛው ምን እንደወጣ በዓይን የሚታይበት ይህ ብቻ ነው። ኃይል፣ መንፈስ፣ ድካም ወጣ ሲባል ማንም አሳይ አይልም፤ ኮሶ ግን ያሳያል።

ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ሬኪ ያልሠራለት ሰው «ውሃውን በደንብ ጠጥተህ ነበር?» ይባላል። ኮሶ ያላሻረው «ከጽዋው አስተርፈህ ይሆናል» ይባላል። ወጌሻው የሠራው ትከሻ በሳምንቱ ተመልሶ ሲወልቅ «ድሮስ ያ አረቄ ውሃ ነበረው» ይላል። እንግዲህ ከሕክምና በፊት የሚጠጣው ነገር በሽተኛውን ሳይሆን አዳኙን የሚጠብቅ ዋስ ነው። ደንቡ ሲበዛ ዋሱ ይጠነክራል፤ 8 ብርጭቆ ውሃ የታዘዘ ሰው መቼም 7ኛው ላይ መሰልቸቱ አይቀርም።

አንድ ተቃራኒ ማስረጃ አለ። ደብረ ታቦር ሄዶ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ማደንዘዣ ከመሰጠቱ 6 ሰዓት አስቀድሞ ምግብ፣ 2 ሰዓት አስቀድሞም ጥርት ያለ ውሃ እንዲያቆም ይነገረዋል። ምክንያቱ የሆድ ዕቃ ተመልሶ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ይህ ደንብ ለበሽተኛው የወጣ ስለሆነ ከላይ ያለውን ንድፈ ሐሳብ ያበላሻል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ በአጭሩ ታልፏል።

በእጅ ስለሚሰማው ኃይል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ሙከራ አለ። ኤሚሊ ሮዛ የምትባል ልጅ በ9 ዓመቷ የጀመረችው ነው። የሬኪ ዘመድ በሆነ ፈውስ የሚሠሩ 21 ባለሙያዎች እጃቸውን በመጋረጃ ቀዳዳ አውጥተው፣ እሷ የራሷን እጅ ከየትኛው እጃቸው በላይ እንደያዘች እንዲናገሩ ተደረገ። ከ280 ሙከራ ያወቁት 123 ብቻ ነበር፤ ማለትም 44 በመቶ። ሳንቲም ቢወረውሩ ይሻላቸው ነበር። ባለሙያዎቹ ውሃ ሳይጠጡ ስለመጡ ነው የሚል ተከራካሪ ቢመጣ ግን አጥኚው አይደነቅም።

ሬኪ ጋይንት ነፋስ መውጫ ላይ ወይም እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ቢከፈት የሚገጥመው ችግር ኃይል መኖር አለመኖሩ አይደለም። በጉና ብርድ ለመጣ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አቅርቦ ተኛ ማለት ነውር ነው። ከዚህ የባሰው፣ ታካሚው ስለማይጮኽ ያዥ አያስፈልግም፤ ያዥ ከሌለ አጎት አይጠራም፣ አጎት ካልተጠራ ጎረቤት መታመሙንም አይሰማም። ስለዚህ አጥኚው ቢያንስ ሁለት ያዦች እንዲቀጠሩ ይመክራል፤ ሥራ ባይኖራቸውም ይቀመጡ። የሚጠጡትን ታካሚው ይቻል ወይስ ለማዕረጉ 10,000 ዶላር የከፈለው መምህር የሚለው ገና አልተቆረጠም፤ እስከዚያው ዱቤ የሚሰጥ አረቄ ቤት ይፈለግ።