ጭልፊት ፓስፖርት ካለበት አገር

አል ሂሊ፣ አል ዐይን
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እኔ ከናፍቆትሽና ከዚህ አገር ሙቀት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ወደ ደሴ በምትመለስ ልጅ እጅ የሰደድሁልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በቦቲም የቪዲዮ ጥሪ ስንገናኝ አንቺ «ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» ስትዪ፣ እኔ «እሰማሻለሁ» ስል፣ መልክሽ አፍሽን እንደከፈትሽ ደርቆ ይቀራል። የዶሮ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ እየተቆራረጠ የሚያልቅ አይደለም። ወንድሜ ረጋ ብሎ ያንብብልሽ። አንተ ደግሞ የሰለቸህን መስመር እየዘለልክ «ደኅና ነኝ ትላለች» ብለህ እንዳታሳጥረው። አውቅሃለሁ።

ከመንግሥት የሌማት ትሩፋት ፕሮግራም የ45 ቀን ቄቦች ሊመጡልሽ እንደሆነ፣ አንቺም «ልጄ ዐረብ አገር የዶሮ ትምህርት ተምራለች፣ እሷ ትመክረኛለች» እያልሽ ለሰፈሩ እንዳወራሽ ደርሶኛል። ትምህርት ያልሽው ነገር እንዴት እንዳገኘኝ ልንገርሽ፤ ምክሩ ከኋላ ይመጣል።

ከሐይቅ ከተማ ስወጣ ተገላገልኩት ያልኩት ነገር ቢኖር ዶሮ ነው። ማታ ማታ ቆጥ ላይ መቁጠር፣ ጠዋት ኩሱን መጥረግ፣ የጠፋችውን ቄብ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ መፈለግ። ውሌ ላይ የተጻፈው «የቤት ሥራ» ነው፤ ስለ ላባ የሚል አልነበረበትም። ቤቱ አል ሂሊ ነው፤ ከአል ዐይን ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ኦማን ድንበር የተጠጋ፣ ተምር የሞላበት ሰፈር። ባባ የምንላቸው የቤቱ ጌታ ከቤቱ ጀርባ መዝራ የሚሉት የተምር ማሳ አላቸው። በመጣሁ ሰሞን ወደዚያ ወስደውኝ ዶሮዎቻቸውን እያሳዩ «አገርሽ ዶሮ አለ?» አሉኝ። «አለ» አልኩ። ሹመቴ በዚሁ ጸደቀ።

ዶሮዎቹን ብታዪያቸው ትስቂያለሽ። ብራህማ የምትባለው እስከ ጣቷ ጫፍ ላባ ነው፤ ሱሪ ታጥቃ ሠርግ የምትሄድ ትመስላለች። ሲልኪ የምትባለው ደግሞ ላባዋን ላባ ከማለት ጸጉር ማለት ይቀላል፤ ቆዳዋ ጥቁር፣ የእግሯ ጣት አምስት። የኛዎቹ አራት ነው ያላቸው፤ ካላመንሽኝ ገብስማዋን ያዢና ቁጠሪ።

እነዚህን ማረድ እዚህ ቤት ነውር ነው። ባባ የሚበሉትን ዶሮ በረዶ ሆኖ ከሱፐርማርኬት ይገዛሉ፤ የሚወዱትን ደግሞ በጓሮ ይቀልባሉ። እንቁላሉን እንኳ ለጎረቤት ነው የሚያድሉት። እኛ ዘንድ ዶሮ የምትረባው ጨውና ሳሙና እንድትገዛ፣ ለእንቁጣጣሽ ሲወደድ ተሸጣ ደብተር እንድትሆን ነው። እዚህ ግን ሰው ዶሮ የሚጀምረው ከበለጸገ በኋላ ነው። ባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከንጋት ጸሎት መልስ ቡናቸውን ይዘው ወንበር ላይ ይቀመጡና ዶሮዎቹ አፈር ሲጭሩ ያያሉ፤ ፀሐይ እስክትበረታ አይነሡም። አንቺ ይህንን ዕድሜሽን ሙሉ በነፃ ስታዪው መኖርሽን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ።

ደግሞ ኩለር ተገጥሞላቸዋል። ምክንያት አለው፤ በዚህ ወር ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ዶሮ ላብ የላትም፤ የገላዋ ሙቀት ራሱ ከ41 ዲግሪ በላይ ነው። አየሩ ከገላዋ ሲብስ መተንፈሻዋ አፏን ከፍታ ማለክለክ ብቻ ነው። እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ከባሰም ትሞታለች። ስለዚህ ቀን ቀን የመጠጥ ውሃቸው ውስጥ በረዶ እጨምራለሁ። አዎ፣ በረዶ፣ ለዶሮ። የዚህ አገር መንግሥት በየዓመቱ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ዶሮዎቹ ሕጉን ሳይነበብላቸው ያከብሩታል፤ በዚያ ሰዓት ተምሩ ሥር ክንፋቸውን ዘርግተው ይጋደማሉ። ኩለሩ ያለበት ቤት ግን ፈጽሞ አይገቡም። ኩለሩ ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።

አውራው ሌላ ጣጣ ነው። የግቢው መብራት ሌሊቱን ሙሉ ስለማይጠፋ መንጋት አለመንጋቱን አይለይም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይለቀዋል። የባባ ትልቁ ልጅ ሊሸኘው ተነሥቶ ነበር፤ የባባ እናት፣ ማማ ከቢራ የምንላቸው አሮጊት፣ እንቢ አሉ። በነሱ ሃይማኖት አውራ ዶሮ ሲጮህ የሰማ ሰው ፈጣሪን ከቸርነቱ እንዲለምን ታዟል፤ አውራው መልአክ አይቶ ነውና። እኔ በዚያ ሰዓት የምለምነው እንቅልፍ ነው።

አሁን ተቀመጪ፤ የሚያናድድሽን ልነግርሽ ነው። ጫጩቶችሽን እየነጠቀ የፈጀብሽ ጭልፊት እዚህ አገር የተከበረ ነው። ዐረቦቹ ለአደን ያሳድጉታል፤ ፓስፖርትም አለው። አልቀለድኩም። የኤምሬትስ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለጭልፊት ፓስፖርት ይሰጣል፤ ቁጥሩ እግሩ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ይመሳከራል፣ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። በዚያ ፓስፖርት ከባለቤቱ ጋር ለአደን ሞሮኮና ፓኪስታን ይሄዳል፤ ሻንጣ ክፍል ሳይሆን ከሰው ጋር። አቡዳቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ የራሱ ሆስፒታል አለው፤ እዚያ ጥፍሩ ይሞረዳል፣ ላባው ቢሰበር በሌላ ላባ ይቀጠልለታል። እኔ የራሴን ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ሰልፍ እንደቆምኩ ታስታውሺያለሽ። ከጎረቤት ቤት አንዱ የቆዳ ቆብ ዓይኑ ላይ ተደፍቶለት፣ ሳሎን መካከል ምንጣፍ ላይ ቆሞ አየሁት። አንቺ ብትሆኚ ድንጋይ ታነሺ ነበር። እኔ ሻይ ይዤ ስለነበር ዝም አልኩ።

ፍየሎችም አሉ። ጆሯቸው ላይ ቁጥር ተሰክቶላቸዋል፤ የአቡዳቢ የግብርናና የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሐኪሞች እየመጡ ይከትቧቸዋል። መታወቂያ ለሁላችንም ግዴታ ነው፤ እኔ በቦርሳ፣ እነሱ በጆሮ። የኛን አገር በግ ደግሞ ሱፐርማርኬት ፍሪጅ ውስጥ «የኢትዮጵያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት። በነ ሞጆና ቢሾፍቱ ታርዶ፣ ሥጋው ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ሻጩ «የኢትዮጵያ ነው፣ ጥሩ ነው» አለኝ። «እኔም የኢትዮጵያ ነኝ» አልኩት። ቅናሽ አላደረገልኝም።

አንድ ቀን ልጆቹን ይዘን እዚሁ ሂሊ ያለው የጥንት ቅርስ መናፈሻ ሄድን። 4,000 ዓመት ገደማ የሆነው ትልቅ መቃብር መግቢያ ላይ ሰዎችና ኦሪክስ የሚባል ባለ ረጅም ቀንድ የበረሃ አውሬ ተቀርጸዋል። ድንጋዩን ዞሬ ዶሮ ፈለግሁ፤ የለም። ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል ቦታ ከ2,500 ዓመት በላይ የሆነው የዶሮ አጥንት መገኘቱን ለባባ ስነግራቸው ቅር አላቸው። አገሬ በአንድ ነገር ስትቀድም ማየት ደስ ይላል፣ በዶሮም ቢሆን።

ወደ ማማ ከቢራ ልመለስ፤ ከአንቺ ጋር የተጣሉት እሳቸው ናቸውና። ሲልኪዋ ባዶ ጎጆ ታቅፋ አልነሣም ያለች ጊዜ በቦቲም ስጠይቅሽ «ሆዷን ቀዝቃዛ ውሃ ንከሪያት፤ እንቢ ካለች እግሯን አስረሽ ለጎረቤት ስጫት፣ አገር ስትቀይር ትረሳዋለች» አልሽኝ። ማማ ከቢራ አጠገቤ ተቀምጠው «ሴትዮዋ ምን አለች?» አሉ። ነገርኳቸው። «አላህ ይቅር ይበላት! ማቀፍ ካማራት ታቅፍ፤ ከሌላዋ እንቁላል አምጥተሽ አስገቢላት» አሉ። አንቺ ደግሞ ፊታቸውን አይተሽ «ምን ትላለች አሮጊቷ?» አልሽ። «ሰላም ትልሻለች» አልኩሽ። አላመንሽኝም፤ «ለሰላምታ እጅ እንዲህ አይወራጭም» አልሽ። እሳቸውም የአንቺን ሰላምታ ሳቀርብላቸው ስልኩን በጥርጣሬ ነው ያዩት።

በልቤ ለሁለታችሁም ፈርጄ ነበር። አንቺ ዶሮዋ ቶሎ ወደ መጣሉ እንድትመለስ ትፈልጊያለሽ፤ እንቁላሉ የቅዳሜ ገበያ ነውና። እሳቸው አይቸኩሉም፤ ዶሮዋ ዓመት ብትተኛ ከዚህ ቤት የሚጎድል ነገር የለም። ግን ማማ ከቢራ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። ከአቡዳቢ ነዳጅ በመርከብ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ከዚያ በፊት እዚሁ አል ዐይን በተምር ዝንጣፊ በተሠራ ጎጆ ነው ያደጉት፣ ፍየል እያለቡ። ከጠባችሁ በኋላ በነበረው ምሽት ማድ ቤት ድረስ በከዘራቸው መጥተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «እኛም እንነክራት ነበር» አሉኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብለው አስምለውኛል። ይኸው፣ ነገርኩሽ።

እንግዲህ ምክሩ። የሚመጡልሽ ቄቦች ቦቫንስ የሚባለው ዘር ከሆኑ በደንብ ሲቀለቡ በዓመት እስከ 300 እንቁላል ይጥላሉ፤ የአበሻዋ ከ40 እስከ 60 ነው። ግን አያቅፉም። የማቀፍ ጠባዩ በመረጣ ከዘራቸው ወጥቷል። እንቁላሏን ጥላ ስትሄድ «ምን ዓይነት እናት ናት!» ብለሽ እንዳትረግሚያት፤ ሥራዋ መጣል ብቻ ነው። ያለ አውራም ትጥላለች። ይህንን ለጎረቤት ስታወሪ ልጆች እንዳይሰሙሽ። እንዲህ የተጣለ እንቁላል ግን ለድስት እንጂ ለጫጩት አይሆንም። ስለዚህ ገብስማዋን ለእንቁጣጣሽ እንዳትነኪያት፤ ጫጩት ስትፈልጊ አቅፋ የምታወጣልሽ እሷ ብቻ ናት።

እነዚህ ቄቦች እንደኛዎቹ ጭረው ብቻ አይኖሩም፤ መኖ ይፈልጋሉ። እነሱን ከመቀበልሽ በፊት የመኖውን ዋጋ ጠይቂ። የእንቁላል ቅርፊት አትጣዪ፤ መጣል ሲጀምሩ አድርቀሽ፣ አድቅቀሽ መኖው ላይ ጨምሪላቸው፣ ለቅርፊት ያግዛል። ፈንግል ሲገባ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በጥብጠሽ ማጠጣትሽን አልቃወምም፤ ያጽናናል፣ ለአንቺ። ዶሮዋን የሚያድናት ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ነው፤ እሱም ጤነኛ ሳለች፣ በሽታው ሰፈር ሳይደርስ ሲሰጥ። አንዴ ማንቀላፋት ከጀመሩ ሐኪም ቢጠራ ለመቅበር ነው። ጎረቤቶቻችን አብረው ካላስከተቡ የአንቺ ብቻውን ስለሚጎድል፣ ከሴቶቹ ጋር በማኅበር ቀን ተነጋገሩበት።

የላክሁት ገንዘብ ለመኖና ለክትባት ነው። ወንድሜ፣ ይህችን መስመር ጮክ ብለህ ደግመህ አንብብላት፤ የስልክ ገንዘብ አይደለም።

ማማ ከቢራ የተምር እሽግ ልከውልሻል፣ ከዚሁ ማሳ የተለቀመ ነው። ለማመስገን በቦቲም ስትደውዪ የመንከሩን ነገር እንዳታነሺ። ማንሣትሽ ካልቀረ ግን እኔ እንደተለመደው «ሰላም ትልዎታለች» ነው የምላቸው።

ናፋቂ ልጅሽ