የመክፈቻ ንግግር ውዳሴ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ማለትም ዕውቀታቸውን ከግቢ ውጭ ላለው ሕዝብ የማድረስ ሥራ፣ እንዲሠሩ ይጠብቃል፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሠራተኛ መብትና ስለ ፖሊሲ ለሕዝብ ክፍት ሆነው የሚሰጡ ገለጻዎችም የዚሁ ተግባር አካል ናቸው። የእነዚህ መድረኮች ዋነኛ በረከት ግን ገለጻው ሳይሆን ከገለጻው በፊት የሚደረገው የመክፈቻ ንግግር መሆኑ እስካሁን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም።

በጥሪው ላይ 2፡30 የተባለው መርሐ ግብር የክብር እንግዳው እስኪደርሱ 4፡00 ይሆናል። የመድረክ መሪው «ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» ይላል፤ ይህም የእንግዶቹ ማዕረግ በሙሉ እንደተጠራ ይቆጠር ማለት ሲሆን፣ ይህን ካለ በኋላ ማዕረጉን አንድ በአንድ ይጠራል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ፤ ዲኑ ይህንኑ ያጠናክራሉ፤ የክብር እንግዳው መድረኩን በይፋ ከፍተው ወደ አስቸኳይ ስብሰባ ሲሄዱ የፊት ወንበሮቹ ተከትለዋቸው ባዶ ይቀራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ታዳሚው ይህን ምክር እስኪሰማ ከዚያ ያላነሰ ጊዜ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ ጥበብ በአዳራሽ ተወስኖ ሊቀር አይገባውም። ራሱን የቻለ የመክፈቻ ጥናት ትምህርት ክፍል ተቋቁሞ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ አቀባበል፣ በሁለተኛ ዲግሪ ሪባን መቁረጥ፣ በዶክትሬት ደረጃ ደግሞ ከፍቶ ወዲያው መውጣት ሊሰጥ ይችላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ግምገማም በገምጋሚዎቹ የመክፈቻ ንግግር ስለሚያልቅ ጽሑፉን መጻፍ አያስፈልግም። ምሩቃኑ በየጤና ጣቢያው ሲመደቡ፣ ራሱን አዙሮት የመጣ ሰው በካርድ ክፍል የእንኳን ደህና መጣህ መልእክት ይደርሰዋል፤ በመለኪያው መሣሪያ ፊት ስለ ደም ግፊት አገራዊ ፋይዳ ንግግር ይደረግለታል፤ ከነርሷ ጋር የቡድን ፎቶ ይነሣል፤ ልኬቱ ግን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይተላለፋል። ደም ግፊት ያለ ምልክት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ታካሚው የሚቸኩልበት ምክንያት የለም፤ ምልክቱ በስትሮክ፣ ማለትም በአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ፣ መልክ ከመጣም አምቡላንሱ ሪባን እስኪቆረጥለት ይጠብቃል።

ሰዎቹ የመጡት ስለ ደም ግፊታቸው ሊሰሙ ነው። ባለሙያዋ ለ40 ደቂቃ የተዘጋጀችበትን ገለጻ «ሰዓት ስለሄደብን» ተብላ በ10 ደቂቃ እንድትጨርስ ማድረግ የሰው ጊዜና ዕውቀት መስረቅ ነው።

ወደ ምስጋናው ለመመለስ፣ ስለ ሥራ ጉዳይ በሚሰጡ ገለጻዎችም ጥቅሙ ያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ከፋብሪካ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና የመጣች ሠራተኛም መቼ የሚለውን ለመጠየቅ እጇን ታወጣለች። ጊዜው ስለተጣበበ ጥያቄዎች በሻይ ሰዓት እንደሚስተናገዱ ይነገራታል፤ በሻይ ሰዓት ደግሞ ባለሙያው አበል ሊፈርሙ ወደ ፋይናንስ ሄደዋል።