ቢበርም ፍየል ነው

የሰው ዓይን ማዕዘን እንጂ መጠን አይለካም። አንድ ነገር ከፊቱ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ለአእምሮ ያደርሳል፤ ትንሽ ሆኖ ቀርቦ ይሁን ትልቅ ሆኖ ርቆ መገመት ግን የአእምሮ ፋንታ ነው። አእምሮም እንደ ማንኛውም ገማች አልፎ አልፎ ይሳሳታል። የሚገርመው መሳሳቱ ሳይሆን፣ ሲሳሳትም እንኳ ቅንጣት ጥርጣሬ የማያሳይ መሆኑ ነው።

ጨረቃ ለዚህ የቆየች ምስክር ናት። ሙሉ ሆና ከተራራ ጀርባ ብቅ ስትል የእንጀራ ምጣድ ታክላለች፤ አናት ላይ ስትደርስ ግን ከስታ ትገኛለች። ክንዱን ዘርግቶ በትንሿ ጣቱ የሚጋርዳት ሰው በሁለቱም ጊዜ የጣቱን ግማሽ ያህል ብቻ እንደምትይዝ ያያል። ስፋቷ ያው ግማሽ ዲግሪ ነው። እንዲያውም አድማስ ላይ ሳለች ከተመልካቹ ራቅ ስለምትል በጥቂቱ ታንሳለች። አሪስጣጣሊስ፣ በጥሊሞስና ኢብን አል ሃይሰም በየዘመናቸው ምክንያቱን ሊያስረዱ ሞክረዋል፤ ባለሙያዎቹ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም።

በርቀት የሚገናኙ የሚመስሉት የባቡር ሐዲዶች ነገር ግን ከጨረቃ ይልቅ ቀላል ነው። ፊሊፖ ብሩነለስኪ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፍሎሬንስ ውስጥ የዚህን ሕግ ለሠዓሊዎች አሳይቷል። ሐዲዶቹ ወደ ፊት ይገጥማሉ ብሎ ቲኬቱን የመለሰ መንገደኛም እስካሁን አልተሰማም። ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚሉ ወገኖች ግን ይህንኑ ሕግ ወስደው ፀሐይን ሊያጠልቁበት ይሞክራሉ። ፀሐይ አትጠልቅም፣ ርቃ ርቃ ከዓይን ትሰወራለች ነው ነገሩ። እንዲህ ቢሆን እንደሚርቅ ባቡር እያነሰች እያነሰች ነጥብ ሆና በጠፋች ነበር። የቀትር ፀሐይና የማታ ፀሐይ ግን ስፋታቸው እኩል ነው፤ የማታዋም የምትሰወረው ከታች በኩል ተቆርጣ ነው።

ክርክሩ የትናንት አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ ምድርን አራት ማዕዘን ወለል፣ ሰማይንም እንደ ሣጥን ክዳን የተደፋባት አድርጎ የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። በእርሱ አባባል ፀሐይ ሌሊቱን የምታሳልፈው በሰሜን ከሚገኝ ግዙፍ ተራራ ጀርባ ነው። ይኸው ሰው በዐፄ ካሌብ ዘመን የአክሱም ወደብ በነበረችው አዱሊስ ተገኝቶ የድንጋይ ላይ የግሪክ ጽሑፍ ገልብጧል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ጽሑፉ ግን በእርሱ ግልባጭ ተርፏል። የሰማይን ክዳን ያበጀለት ሰው ለታሪክ አጥኚዎች የታመነ ጸሐፊ መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

ነገሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ሳሙኤል ሮውቦተም የተባለ እንግሊዛዊ በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማ ምድር ወደሚገኘው ኦልድ ቤድፎርድ ወደሚባል ቦይ ሄደ። ቦዩ ቀጥ ያለ ነው፤ ለ10 ኪሎ ሜትር ያህል ዓይንን የሚጋርድ ነገር የለበትም። ሮውቦተም ውሃው ውስጥ ገብቶ ቴሌስኮፑን ከውሃው ወለል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ፣ ባንዲራ የሰቀለች ጀልባ ስትርቅ ተመለከተ። ምድር ድቡልቡል ከሆነች፣ በሒሳቡ መሠረት ባንዲራው መጨረሻ ላይ ከእይታ መስመሩ ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ ማለት ነበረበት። እርሱ ግን እስከ መጨረሻው እንዳየው ተናገረ፤ ቆይቶም በብዕር ስም መጽሐፍ አሳተመበት።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ጆን ሃምደን እ.ኤ.አ. በ1870 አንድ ወንዝ፣ ቦይ ወይም ሐይቅ ጎብጦ ለሚያሳየው ሰው 500 ፓውንድ እንደሚከፍል በጋዜጣ አስነገረ። በዘመኑ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ውርርዱን የተቀበለው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ነበር፤ ከዳርዊን ጋር የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ ያቀረበው ያው ዋላስ። በወጣትነቱ የመሬት ቀያሽ ስለነበረ ሥራው አላስፈራውም፤ ኪሱም ያን ያህል የሞላ አልነበረም። ታዋቂው የሥነ ምድር ሊቅ ቻርልስ ላየልን ቢያማክር፣ እንዲህ ያለውን ሰው አንዴ በግልጽ ማሳየቱ ነገሩን ይዘጋዋል የሚል ምክር አገኘ። ላየል ስለ ድንጋይ ብዙ ያውቅ ነበር፤ ስለ ተከራካሪ ሰው ግን ያነሰ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ዋላስ የሮውቦተም ስህተት የት እንዳለ ስለገባው መሣሪያውን ከውሃው አራቀ። በዚያው ቦይ ቴሌስኮፑን በአንዱ ድልድይ ላይ፣ ጥቁር መስመር ያለበትን ነጭ ጨርቅ በሌላኛው ድልድይ ላይ፣ ክብ ምልክት የተሰካበትን ምሰሶ ደግሞ መካከል ላይ አደረገ። ሦስቱም ከውሃው 4 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ነበሩ። ውሃው ዝርግ ከሆነ ሦስቱ በአንድ መስመር ይውላሉ። በቴሌስኮፑ ሲታይ ግን የመካከሉ ምልክት ከጨርቁ መስመር 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ቦዩ መሐሉ ላይ ጎብጧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የአገራችን ሰው ታሪክ እንግሊዝ አገር የተደገመው። ሩቅ ያለውን ጥቁር ነገር ፍየል ነው ያለ ሰው፣ ነገሩ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ «ቢበርም ፍየል ነው» አለ ይባላል። የሃምደን ወገን ዳኛ ሆኖ የመጣው ዊልያም ካርፔንተር ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚል መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። በቴሌስኮፑ አይቶ እጅግ ደስ አለው፤ ያየው ሁሉ ለጠፍጣፋነቷ ማረጋገጫ መሰለው። ሃምደን ደግሞ ጭራሽ አላይም አለ፤ ካርፔንተር ካየ በቂ ነው። ገንዘቡን በአደራ የያዘው የ«ዘ ፊልድ» መጽሔት አዘጋጅ ጆን ሄንሪ ዋልሽ ለዋላስ ፈረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ስለ ምድር ቅርጽ ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ሃምደን ለ15 ዓመታት ያህል ዋላስን ሌባ እያለ ለጎረቤቶቹ፣ ለሳይንስ ማኅበራት፣ ለዋላስ ሚስት ሳይቀር ደብዳቤ ጻፈ። በዚህም ከአንድ ጊዜ በላይ ታሰረ፤ ሲወጣ ብዕሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዋላስ የስም ማጥፋት ካሳ ተፈረደለት፤ ግን አልተከፈለውም። ይባስ ብሎ በ1876 ፍርድ ቤት ውርርድ በሕግ የማይጸና ስለሆነ 500 ፓውንዱ ለሃምደን ይመለስ አለ። ዋላስ ምድር ድቡልቡል መሆኗን በትክክል አስረድቶ ከኪሱ ከፍሎ ወጣ።

ሮውቦተም ግን ዋሽቶ ነበር ማለት አያስፈልግም፤ አየሁ ያለውን ነገር አይቶ ሊሆን ይችላል። ብርሃን ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ወዳለው አየር ይታጠፋል። ውሃው ቀዝቅዞ ከላዩ ያለው አየር ሲሞቅ፣ የብርሃኑ ጨረር ወደ ታች ጎብጦ የምድርን ጉብጠት ተከትሎ ይሄዳል። ሙቀቱ በየሜትሩ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየጨመረ ከሄደ ሁለቱ ጉብጠቶች ይተካከሉና ድቡልቡሉ ምድር ዝርግ ይመስላል። ዓይኑን ከውሃው ስንዝር ብቻ ከፍ ያደረገ ሰው ይህ በሚበረታበት ቦታ ላይ አስቀምጦታል። በአፋር በረሃ አስፋልት ላይ ውሃ የተኛ የሚመስለው በተቃራኒው ነው፤ ከታች ያለው አየር ግሎ ጨረሩ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ሾፌሩ ሰማይን መንገድ ላይ ያያል። በ1597 በሰሜን ዋልታ አካባቢ ኖቫያ ዜምሊያ ላይ የከረሙ የሆላንድ መርከበኞችም፣ በሒሳብ ገና ሁለት ሳምንት ያህል የቀራትን ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ ብላ አይተዋታል።

አየሩ እንደ ዕለቱ ሁኔታ ስለሚመሰክር ለሁሉም ወገን ደጋፊ አይጠፋም። በ1904 ሌዲ ብለንት የምትባል የጠፍጣፋ ምድር ተሟጋች ፎቶ አንሺ ቀጥራ በዚያው ቦይ ላይ ሩቅ ያለውን ነጭ ጨርቅ እስከ ግርጌው አስነሳች፤ ጠፍጣፋ ነው አለች። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ የሳይረስ ቲድ ተከታዮች ተመሳሳይ ልኬት አድርገው፣ ምድር ወደ ውስጥ የጎደጎደች ናት፣ የምንኖረውም በውስጧ ነው ብለው ደመደሙ። ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው ቢከራከሩ ዋላስ ትንሽ ባረፈ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይም እንዲሁ፣ የምድርን መዞር የሚክዱ ሰዎች 20 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ጋይሮስኮፕ ተጠቅመው መሣሪያው በሰዓት 15 ዲግሪ መዞር አሳያቸው፤ ምድር በ24 ሰዓት አንዴ ስትዞር የሚገኘው ቁጥር ይኸው ነው። ውጤቱን ከመቀበል ይልቅ መሣሪያውን የሚያውከው ነገር ምን እንደሆነ ፍለጋ ገቡ።

ሙከራውን መድገም የሚፈልግ አንባቢ ረጅምና ቀጥ ያለ ውሃ ይፈልግ፤ መሣሪያውንም ከወለሉ 4 ሜትር ያህል ከፍ ያድርግ። ውርርድ ግን ባይገባ ይሻለዋል።